ከወልድያ መርሳ በሁለት ጎማ፦ የሳይክል ጂፒኤስ ያዋጣል?

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ተጓዡን ግራ አያጋባም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ያው የታወቀው መንገድ ነው። ወልድያ ከአዲስ አበባ በ520 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ይዛ በተራራ ተከባ ተቀምጣለች። ከዚያ ሳንቃንና ስሪንቃን አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ይደርሳል። የመርሳ ከፍታ 1600 ሜትር አካባቢ ነው። ማለዳ ወልድያ ላይ ሹራብ የለበሰ፣ ረፋዱ ላይ መርሳ ሲገባ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ ያገኙታል።

ይህን መንገድ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ነው። የእህቴ ልጅ ግን በሳይክል ያውቀዋል። 17 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ይነዳል። ውጭ አገር ያለችው ታናሽ እህታችን ለፋሲካ ስትመጣ ምን እንደምታመጣለት ስትጠይቀው ሳያመነታ «የሳይክል ጂፒኤስ» አላት። እናቱ ሰምታ ሳቀች። «መንገዱ አንድ! ይህ ልጅ ተወልዶ ያደገበትን አገር ሳተላይት ምን ብሎ ይነግረዋል?» አለች። ከሳቁ ጀርባ ግን ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ሌሊት እየሠራች የምትልከው እህታችን ገንዘብና በዚያ አስፋልት ላይ የሚበሩት ከባድ መኪኖች። ስለዚህ በመጋቢት ወልድያ ስሄድ ከእናቱ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ነበር፦ አብሬው ነድቼ፣ ዕቃው ያስፈልገው እንደሆነ አይቼ መመለስ።

በትንሿ ሳጥን ውስጥ ያለው

የሳይክል ጂፒኤስ መሪው ላይ የሚታሰር፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ ኮምፒዩተር ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል። ቢያንስ የአራቱን ምልክት ካገኘ፣ እያንዳንዱ ምልክት ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ አስልቶ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ለዚህ ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፤ ወርኃዊ ክፍያም የለውም። ከቦታው ተነስቶ ፍጥነትን፣ ርቀትን፣ የተነዳበትን ሰዓትና መስመር ይመዘግባል። ሻል ያሉት ካርታ አላቸው፤ የልብ ምትና የእግር ጉልበት ከሚለኩ መሣሪያዎች ጋርም ይገናኛሉ።

ከፍታን በተመለከተ ግን ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ሳተላይት ቦታን በደንብ ይነግራል፤ ከፍታ ላይ ግን ይበልጥ ይሳሳታል። ስለዚህ ጥሩዎቹ መሣሪያዎች ባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ መሣሪያው ከዚያ ተነስቶ ከፍታውን ያሰላል። የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ግፊቱም ስለሚለወጥ፣ ከመነሳትዎ በፊት የሚያውቁትን ከፍታ ማስገባት ይመከራል። እንደ ሰሜን ወሎ ባለ ዳገትና ቁልቁለት አገር ባሮሜትር የሌለው ጂፒኤስ መግዛት ግማሽ ዕቃ እንደመግዛት ነው።

ሦስት ቆጣሪ በአንድ መንገድ

ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። በልጁ መሪ ላይ ከአንድ ወዳጄ የተዋስኩት ጂፒኤስ፣ በእኔ ጎማ ላይ ርካሹ ባለ ማግኔት ኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ በኪሴ ደግሞ መንገዱን የሚመዘግብ ስልክ ነበር።

ባለ ማግኔቱ ቆጣሪ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥርና በጎማው ዙሪያ ያባዛል። ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ጎማ 30 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከ14 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። ዙሪያውን ሲያስገቡ በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሳሳቱ መርሳ ሲደርሱ 700 ሜትር ያህል ስህተት ይመዘገባል። ጎማውን መሬት ላይ አንድ ዙር አንከባለው በሜትር የለኩ ሰዎች ግን ለዓመታት አይቸገሩበትም።

ከከተማው እንደወጣን በስተምዕራብ ደጋው ቆሞ ይታያል፤ በስተምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ዝቅ እያለ ይሄዳል። መንገዱ እስከ መርሳ በጠቅላላው 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በ30 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በየ100 ሜትሩ ከሁለት ሜትር ያነሰ ነው። ይህ አማካይ ግን ሰው ያታልላል፤ በመካከል ወርደው የሚወጡት፣ ወጥተው የሚወርዱት አለ። ልጁ ከፊቴ ሆኖ የዳገቱን መጠን ከመሪው ላይ እያነበበ ይጮህልኛል። እኔ ቁጥሩን ሳልሰማ ጭኔ ነግሮኛል።

በማሽላና በጤፍ ዝርያዎች የሚታወቀው የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ስሪንቃ ስንደርስ ጥላ ስር ቆመን ሦስቱን አስተያየን። በርቀት የረባ ልዩነት አልነበራቸውም። በዚህ አስፋልት ላይ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄድኩ?» ለሚል ጥያቄ ርካሹም ውዱም እኩል መልስ ይሰጣሉ። ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን ለማየት ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሲነቅል ሁለት ጊዜ አየሁት። ከኋላ ጭነት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሲመጣ የፍጥነት ቁጥር የሚያስፈልገው አይደለም።

ከአስፋልቱ ሲወጡ

መርሳ ሙቀት ይቀበልዎታል፤ ከሙቀቱ ጋር ፍራፍሬም አለ። ሀብሩ በማንጎዋ የታወቀች ናት። እዚህ ቁጭ ብለን የልጁን ሁለተኛ ክርክር ሰማሁ። «ጋሼ፣ አስፋልቱንስ ልክ ነዎት። ወደ ጊራና በጥርጊያው ብገባስ?» አለኝ። እውነት አለው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በሀብሩ ቀበሌዎች መካከል ለሚዞር ሰው መንገዱ አንድ አይደለም። ጥርጊያው ይከፈላል፣ እንደገና ይገናኛል፤ የጋሪውና የከብቱ መንገድ ይመሳሰላል። ጂፒኤሱ የመጡበትን መስመር ስለሚይዝ በዚያው መመለስ ያስችላል። ይህ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

ማንጎ የሸጡልን እናት ንግግራችንን ሰምተው ነበር። «አብሽር የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ውኃህን ጠጣ። ደሞም ዛሬ ወደዚያ ባትገባ ይሻላል፤ ማታ ደጋው ሲያጉረመርም ነው ያደረው» አሉት። የበልግ ወቅት ነበር። እታች ፀሐይ እየጠበሰ እላይ ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ ሳይታሰብ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በመሣሪያው ካርታ ላይ ወንዙ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው፤ በታኅሣሥም በሐምሌም አይለወጥም። ካርታውንም የሚሥሉት አብዛኛውን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ያልተሣለው መንገድ ብዙ ነው። ስለዚህ በሀብሩ ጥርጊያ ላይ ጂፒኤስ ረዳት ይሁን እንጂ ሰው መጠየቅን አያስቀርም። የወንዙንም የአካባቢውንም ሰላም የሚነግርዎ የአገሬው ሰው ነው።

ሽቅብ ወደ ድልብ

መሣሪያው ዋጋውን የሚመልስበት ሌላ መንገድ ከወልድያ በስተምዕራብ አለ። በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራውና ብዙዎች «የቻይና መንገድ» የሚሉት የወልድያ–ወረታ መንገድ ነው። ከከተማው እንደወጣ ወደ ድልብ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ጋሸና ይቀጥላል፤ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። እንዲህ ባለ ረጅም ዳገት ላይ ሻል ያለ ጂፒኤስ አስቀድሞ በተጫነው መስመር መሠረት ስንት ሜትር ሽቅብ እንደቀረ፣ ከፊት ያለው ዳገት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። ጉልበቱን አብቃቅቶ መውጣት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ለውድድር የሚሠለጥን ልጅም በዚህ ሳምንት ዳገቱን በስንት ደቂቃ እንደወጣ ካለፈው ወር ጋር ማስተያየት ይችላል።

ይህም ሆኖ ጉልበቱ የሚመጣው ከልምምድ ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደሩት ብስክሌተኞቻችን ሳተላይት የሚባል ነገር ገና ሰማይ ላይ አልወጣም ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ ዘመን ላይ ግን ኮምፒዩተሩ የማንኛውም ባለሙያ ተወዳዳሪ ዕቃ ሆኗል። በዚያ ደረጃ ለሚነዳ ሰው የሥራ መሣሪያ ነው።

ዋጋውና ስልኩ

ቀላሎቹ ጂፒኤሶች ውጭ አገር በ50 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ካርታ ያለው መካከለኛ፣ ለምሳሌ ጋርሚን ኤጅ 540፣ በ2015 ዓ.ም. ገበያ ላይ ሲውል 350 ዶላር ነበር። ትልልቆቹ 600 ዶላር ይሻገራሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ57 ብር ሂሳብ 350 ዶላር 20 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብር ቢሆን እንኳ 35 ሺህ ይሆናል፤ ምንዛሪው ከዚያም አልፏል። ከዋጋው ሌላ ዕቃው ቢበላሽ ወልድያ ላይ ማን ይጠግነዋል የሚለውም ጥያቄ አለ።

በሌላ በኩል ስልክ በየቤቱ አለ። ካርታውን ቤት እያሉ ካወረዱት ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ሆኖ መስመሩን ይመዘግባል። ድካሙ የሚጀምረው ስክሪኑን አብርተው መሪ ላይ ሲያስሩት ነው። ፀሐይ ላይ አይነበብም፣ ይግላል፣ ባትሪው በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ያን ጊዜ ጎማ ቢፈነዳ የሚደውሉበት አጡ ማለት ነው። ጂፒኤሱ ግን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

አንድ ምክር ለወላጆች፦ በስልክም በጂፒኤስም የተመዘገበ መስመር መተግበሪያ ላይ ሲለጠፍ ልጅዎ ከየት ቤት፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ለማንም ያሳያል። በጥር 2010 ዓ.ም. ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ያወጣው ካርታ የወታደሮችን ሠፈሮች ሳይቀር እንዳጋለጠ ታውቆ ዓለምን አነጋግሯል። መስመሩን ለራስ ብቻ የሚያደርገውን ማስተካከያ መጀመሪያ ይክፈቱ።

የቤተሰቡ ውሳኔ

መልስ ጉዞው ሽቅብ ነው። እኔ ሳይክሌን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩ፤ ልጁ ነድቶ ተመለሰ። ማታ ከእናቱ ጋር ሆነን ለእህታችን ደወልንና እንዲህ አልናት።

ጂፒኤስ የሚያዋጣው ከሦስቱ አንዱን ለሚያደርግ ሰው ነው፦ በዕቅድ ለውድድር ለሚሠለጥን፣ ከአስፋልት ወጥቶ በማያውቀው መንገድ አዘውትሮ ለሚነዳ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ረጅም ዳገት ለሚወጣ። ቅዳሜ መርሳ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ግን ስልኩና ባለ ማግኔቱ ቆጣሪ ይበቁታል። ለፋሲካ የሚመጣው ሻንጣ ውስጥ ደህና ሄልሜት፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ የፍሬን ጎማ፣ ሁለት ካላማዳሪያና ትንሽ መንፊያ ይግባ። ልጁ ደግሞ ለሦስት ወር የነዳበትን ቀን፣ ርቀትና ሰዓት በደብተር ይጻፍ። በሦስቱ ወር ውስጥ በሳምንት አራት ቀን መንዳቱን ከያዘና የድልብን ዳገት በዕቅድ መሥራት ከጀመረ፣ ባሮሜትር ያለው መካከለኛ ጂፒኤስ ይገዛለታል።

እናቱ የፍሬኑን ነገር ስትሰማ ተስማማች። ልጁ ትንሽ ዝም አለና ደብተር አመጣ። «ጋሼ፣ ሦስት ወር ሲሞላ ሰኔ ነው፤ ቃልዎን እንዳይረሱ» አለኝና የመጀመሪያውን መስመር ጻፈ፦ ወልድያ–መርሳ–ወልድያ፣ 60 ኪሎ ሜትር።