«ዹ» የሌላት መኪና

የአማርኛ ታይፕራይተር መፈለግ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አዲስ አበባ ያየኋቸው ለፊልም ሠሪና ለካፌ ጌጥ የሚሸጡ ናቸው፤ ዋጋቸው ለእኔ ቢጤ አይደለም። በመጨረሻ የተገኘችው እዚሁ አጋሮ፣ አንድ ቆራሌ ግቢ ውስጥ፣ ከተሰበረ የቡና ሚዛንና ከቆርቆሮ ክምር ሥር ነው። ኦሊቬቲ ናት።

«ብረት በኪሎ ነው፤ ይቺ ግን ዕቃ ናት» አለኝ ሻጩ። ዓይኔ አሳብቆብኛል መሰለኝ። «ለካፌ ነው?»

«ለራሴ ነው ወንድሜ።»

«ለራስህማ ምን ታደርግልሃለች? ስልክ የለህም?»

3,000 ብር ጠራ፣ በ1,800 ተስማማን። በማግስቱ ብረቱ ተጭኖ ወደ ማቅለጫ የሚሄድበት ቀን ነበር።

ምኞቱን የጀመረው አንድ ወረቀት ነው። እናቴ ሣጥን ውስጥ የአያቴ የመሬት ክርክር ውሳኔ አለ፤ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዘመን ወረቀት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከንቱ ቢያደርገውም ቤታችን ውስጥ እንደ ታቦት ነው የተያዘው። ልጅ ሆኜ ሳነበው ፊደሎቹ የተሰበሩ ይመስሉኝ ነበር። የ«ሉ» እጅ ከአካሏ ትንሽ ተነጥሎ ለብቻው ቆሟል።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። የታይፕራይተር ቁልፎች ግን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም፤ አንዱ ቁልፍ ሁለት ቅርጽ ቢይዝ መቶ አይደርስም። ኢንጂነር አያና ብሩም ሆኑ ከእሳቸው በኋላ የመጡት የተጋፈጡት ይህንኑ ሒሳብ ነው። እንደ እኔዋ ባሉት መኪኖች ላይ መፍትሔው ፊደሉን መበጣጠስ ሆነ፦ «ለ» ለብቻ፣ የካዕቧ ቅጥያ ለብቻ። አንድ ፊደል፣ ሁለት ምት።

ሪባኗ ደርቆ ስለነበር የማኅተም ቀለም ቀባሁትና ጎረቤታችን እማማ ጋ ወሰድኳት። ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን አስገቡ፣ ጣታቸው ሳይፈልግ አገኘው። እኔ ስሞክር ግን ሳቁብኝ።

«አትጫናት ልጄ፤ ጣል አድርገህ ቶሎ አንሣ። በካርቦን አምስት ኮፒ ስትመታ አንዲቷን ከሳትክ አምስቱንም መፋቅ ነው።»

ለምን እንደተጣሉ ጠየቅኋቸው። «በ84 ቁቤ መጣ» አሉኝ። «የቢሮው ሥራ በኦሮምኛ ሆነ፣ በላቲን። የአማርኛዎቹ መጋዘን ገቡ።» እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ሌላ ከተማ ላይ ታይፕራይተርን ያሰናበታት ኮምፒውተር ነው፤ እዚህ ግን ኮምፒውተሩ ሳይደርስ ነው ሥራ የፈታችው። እንኳንም ቁቤ መጣ እላለሁ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስሜን በትክክል የጻፍኩት በእሱ ነው።

የአያቴ ስም የሚጀምረው በ«ዹ» ነው፤ ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ የሚወጣው የኦሮምኛ ድምፅ። ውሳኔው ላይ ስድስት ቦታ «ዱ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ ጠፍቶ አይደለም። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው የተጻፈው፤ «ዸ»ም አለችበት። ዛሬ ስልኬም ላይ አለች። እቺ መኪና ላይ ግን ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየመታሁ ፈለግኋት፣ የለችም።

«ያኔ ስትመቱ ስሙ እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው እማማን።

«እንዴት አላውቅ! እኔስ ቤቴ የምናገረው ኦሮምኛ አይደል?» ካሉ በኋላ ጣታቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡ። «ጣት ግን ያለውን ነው የሚመታው።»

ከዚያ ስሙን መቱልኝ፤ «ዱ» ብለው። የጎደለውን ምልክት በእስክሪብቶ ጨመርኩበት። ቀለሙ ከማኅተሙ ቀለም ጋር አልገጠመም፤ እናቴ ግን ከውሳኔው ጋር አጥፋ ሣጥኑ ውስጥ ከታዋለች። አሁን የቸገረኝ ሪባን ነው፤ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁሉ አደራ እያልኩ ነው።