ለፕላስቲክ ሞዴል የሚሆን ፈሳሽ ማጣበቂያ

ለፕላስቲክ ሞዴል የሚሠራው ፈሳሽ ማጣበቂያ በስሙ ማጣበቂያ ይባል እንጂ ዋና ሥራው ማሟሟት ነው። ኮላና ሱፐር ግሉ በሁለት ዕቃዎች መካከል ገብተው፣ ደርቀው ይይዛሉ። ይህ ግን የነካውን የፕላስቲክ ገጽ ያለሰልሳል፤ የለሰለሱት ሁለት ገጾች ሲጫኑ ይዋሃዳሉ፣ ፈሳሹም በንኖ ይጠፋል። በመካከል የሚቀር ባዕድ ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከማጣበቂያው ጥንካሬ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ዓይነት ነው። አንዱን ፕላስቲክ የሚያሟሟው ፈሳሽ ሌላውን ጨርሶ ላይነካው ይችላል።

ደብረ ታቦር ላይ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ሞዴል ለሚሠራ ተማሪ ከሴባስቶፖል የቀረበ ርዕስ አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከከተማዋ አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በሰው ጉልበት ገደል ለገደል እየተጎተተ፣ በ1868 መጀመሪያ ወራት መቅደላ ደርሷል። አምሳያው አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። መድፉ የተጎተተበትን ሠረገላ በልኩ ቆርጦ የገጣጠመ ልጅ የዚያን ጉዞ ድካም ከንባብ በተሻለ ይረዳዋል፤ ሥራው ሊበረታታ የሚገባውም በዚህ ነው።

የሞዴሉ ዕቃ ከቤትና ከሠፈር ሱቅ ይሰበሰባል፦ መድፉ ከፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ፣ የሠረገላው ወለል ከሲዲ ማቀፊያ፣ ዘንጉ ከቢክ እስክርቢቶ ቀፎ፣ መንኮራኩሮቹ ከውኃ ጠርሙስ ክዳን። እነዚህ አራት ዕቃዎች በጥቅሉ ሦስት የፕላስቲክ ዓይነት ናቸው። ብርጭቆ የሚመስለው የሲዲ ማቀፊያና የእስክርቢቶው ቀፎ ፖሊስታይሪን ናቸው፤ በውጭ አገር በካርቶን የሚሸጡት የአውሮፕላንና የታንክ ሞዴሎች የሚሠሩትም በአብዛኛው ከዚሁ ነው። የዚያው እስክርቢቶ ክዳን ግን ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቀፎውና ክዳኑ ላይ አንድ አንድ የማጣበቂያ ጠብታ ቢደረግ ልዩነቱ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በጣት ይታወቃል፤ ቀፎው ይለሰልሳል፣ ጣትም ይይዛል፤ ክዳኑ እንደነበረ ይቆያል።

ምልክት ያለው ዕቃ ከሆነ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ይበቃል። 6 ፖሊስታይሪን ነው፣ 3 ፒቪሲ፣ 2 እና 4 ፖሊኤቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን። ቁጥር ከሌለው ቁራጩን ውኃ ውስጥ መክተት ነው። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፤ ፖሊስታይሪንና ፒቪሲ ይሰምጣሉ። የተንሳፈፈውን በሚያሟሟ ፈሳሽ ለማጣበቅ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ቢጫው ጀሪካን ሲቀደድ በማጣበቂያ ሳይሆን በጋለ ብረት እየቀለጠ የሚጠገነውም ለዚህ ነው። የጠርሙስ ክዳኖቹም ከሚንሳፈፉት ስለሆኑ በሽቦ ወይም በትንሽ ብሎን ተይዘው ቢዞሩ ይሻላል።

ለፖሊስታይሪን የሚሆኑት ፈሳሾች ብዙ ናቸው። እንደ ታሚያ ያሉ የታወቁ ፋብሪካዎች ለቀጭን ማጣበቂያቸው አሴቶንን ከቡቲል አሴቴት ጋር ያዋህዳሉ። አሴቶን ቶሎ ይነካል፣ ቶሎም ይተናል፤ ቡቲል አሴቴት ዘግይቶ ስለሚተን ክፍሎቹን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ይህን ዓይነት ጠርሙስ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስመጣት ግን አይቻልም፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ማጣበቂያ በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው በአገር ውስጥ በሚገኘው ላይ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አለው ተብሎ ቢገዛም ውኃ፣ ዘይትና ሽቶ የተቀላቀለበት ደካማ ነው፤ ጨርሶ አሴቶን የሌለበትም አለ። ከቀለም መሸጫ የሚገኘው ቲነር ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል፤ ቅልቅሉ ግን ከአንዱ ቆርቆሮ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በተራፊ ቁራጭ ላይ ሳይሞክሩ መጠቀም አይገባም። ንጹሕ አሴቶን ብቻውን የሲዲ ማቀፊያን ነጭ ሊያደርግና ሊሰነጣጥቅ ይችላል። የዚያኑ ፕላስቲክ ስብርባሪ በቲነር ውስጥ አሟሙቶ እንደ ማር ማወፈር ክፍተት ያለበትን መጋጠሚያ ለመሙላት በጣም ይረዳል።

የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የፒቪሲ ማጣበቂያ ለመድፉ ተስማሚ ነው፤ ቱቦን ከቱቦ አንድ ያደርጋል። ፖሊስታይሪንንም ያሟሟል፤ ነገር ግን ወፍራምና ኃይለኛ ስለሆነ ቀጭኑን የሠረገላ ወለል ያጣምመዋል። መድፉን ከሠረገላው ጋር ለማያያዝ ሱፐር ግሉ ወይም ሁለት ቱቦ የሚቀላቀልበት ኢፖክሲ ይሻላል። የጫማ ሠሪው ማስቲሽ ለላስቲክና ለቆዳ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እየተለጠጠ መጋጠሚያውን ያዛባል። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ደግሞ ራሱ ፖሊስታይሪን ነው፤ የጋፋትን ኮረብታ ለመቅረጽ ቢመችም ቲነር ሲነካው ወዲያው ይከስማል። ለእሱ ነጭ የእንጨት ኮላ ነው የሚበጀው።

ቀጭኑ ፈሳሽ አጠቃቀሙ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ክፍሎቹ በፈሳሹ ከመነካታቸው በፊት በደረቁ ይገጠማሉ፤ ቀለም ካለባቸው ይፋቃል፣ ማጣበቂያው ፕላስቲኩን ማግኘት አለበትና። ከዚያ ሁለቱ በእጅ እንደተያዙ የብሩሹ ጫፍ ስንጥቁን ብቻ ይነካል፤ ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይሳባል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሲጫን የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ክር ብቅ ይላል። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ በጨርቅ ከተጠረገ ግን ገጹን ያበላሸዋል። 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ በምላጭ ይላጋል። ጣት መጋጠሚያው ላይ ካረፈ ፈሳሹ ከጣቱ ሥር ገብቶ አሻራ ያትማል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ብርድም ሩቅ አይደለም። በቀዝቃዛ ማለዳ ማጣበቂያው ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሥራውን ለቀትር ማቆየት ይጠቅማል። በክረምት እርጥበት ቶሎ የሚተነው አሴቶን ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ የአየሩ ውኃ ያርፍበታል፣ ነጭ ጭጋግም ይተዋል። ሱፐር ግሉ በተቃራኒው የሚጠነክረው በእርጥበት ነው፤ በበጋ ይዘገያል፣ በክረምት ይፈጥናል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ብርዱን ለመከላከል በር ዘግቶ ከሰል የሚለኮስበት ቤት ነው። የአሴቶን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተንሸራትቶ ከሰሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ፈሳሹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ራስ ያዞራል፣ ለሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ይከፋል። ስለዚህ ሥራው በረንዳ ላይ ወይም መስኮት በተከፈተበት፣ እሳት በሌለበት ክፍል ይሠራል። ጠርሙሱ እንዳይገለበጥ በሰፊ ጣሳ ውስጥ ይቆማል፣ በሥራ መካከልም ይከደናል። የተረፈው ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጣል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ግን ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።