ከፋይበሩ ጀርባ

ከኢንተርንሺፕ ስንመለስ ከዶርም እስከ መስጂድ በር የጠበቀን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምን ሠራችሁ?» ሌሎች ጓደኞቻችን ግድብ አይተዋል፣ ፋብሪካ ገብተዋል። እኛ ሦስታችን ግን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ብዙውን ጊዜያችንን የጨረስነው ለአንዲት አሮጌ ሱዙኪ የሸራ ጣሪያ ስንገጥም ነው። ይህን ስንናገር የሚስቅ አልጠፋም። ይሳቅ፤ እኛ ግን ስለዚያ ሸራ የምንለው አለን።

መኪናዋ የአንድ ሐጂ ናት። ሐጂ በጉልምስናቸው አፍዴራ ድረስ እየተመላለሱ በጨው ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ጨው ደግሞ ላሜራ አይምርም። መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ በዝገት ተበልቶ ሲያልቅ ሻንሲውንና ሞተሩን አስቀርተው አካሉን በሙሉ በፋይበር ግላስ አሠሩት። የሠራላቸው የውሃ ታንከር ከፋይበር የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ፋይበር አይዝግም፣ ጨው ቢነሰንሱበትም ግድ የለው። የቀረው ጣሪያ ብቻ ነበር። ክረምቱ እየገባ ነው፣ ቤታቸው ደሴ ነው፣ ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ ቂርኣት የሚያመላልሷቸው የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

በፋይበር አካል ላይ ሸራ መግጠም አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 አሜሪካ ውስጥ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሸቭሮሌት ኮርቬት አካሏ ፋይበር፣ ጣሪያዋ ሸራ ነበር። የጎን መስታወት እንኳ አልነበራትም፤ ሲዘንብ የሚሰካ መጋረጃ ነበር የሚደረግላት። በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ ናቸው። ኮርቬት ግን የአስፋልት መኪና ናት። የሐጂ ሱዙኪ ኮረኮንች ላይ ስትንገጫገጭ ነው የምትውለው፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ላሜራ ሲጎተት ይለጠጣል። ተራ ብረት ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። በእጅ የተነጠፈ ፋይበር ግን 2 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ይሰነጠቃል። ላሜራ ላይ የገባች ብሎን ጥርሷን ታስነክሳለች፤ ፋይበር ላይ የገባች ግን የነከሰችው ሬዚንና ቃጫ ቀስ በቀስ ዱቄት ይሆንና ቀዳዳው ይሰፋል። ከላይ ያለው ጄልኮት የሚባለው ለስላሳ ሽፋን ደግሞ ከቀዳዳው ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር መሰንጠቅ ይጀምራል። ስንጥቁ ከታየ በኋላ ቀለም ቢቀቡት ተመልሶ ይወጣል። ሸራ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጭነት አይደለም። ሌት ተቀን ይስባል፣ ነፋስ ሲመጣ ይደበድባል።

ስፌቱን የያዙት በጅቡቲ መስመር ለሚሄዱ ተሳቢዎችና ለአይሱዙዎች ሸራ ሲሰፉ ዕድሜያቸውን የፈጁ አባት ናቸው። የድሮውን የተቀዳደደ ሸራ እንደ ልክ እንዲጠቀሙበት ብናቀርብላቸው አልተቀበሉም። «ይኼ የተሰፋው ለላሜራዋ ነው፤ ይቺ ሌላ መኪና ናት» አሉን። ለክተን ስናየው እውነታቸውን ነው፤ የግራው ጠርዝ ከቀኙ በ11 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በእጅ የተሠራ ፋይበር እንዲህ ነው። እሳቸው ሜትር እንኳ አላወጡም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት መኪናዋ ላይ አልብሰው በጠመኔ አሰመሩ፤ ቀኙን ለብቻው፣ ግራውን ለብቻው።

ሐጂ ሸራው እንደ ድቤ እንዲወጠር ነበር የፈለጉት። ሸራ ሰፊው ግን ሁለት ጣት ልቅ ተዉ። ምክንያታቸው አጭር ነው፦ «እዚህ ሙቀት ነው፣ ደሴ ብርድ ነው።» ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ከ2,400 በላይ። ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ ሲሞቅ ይለቃል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ልክ የሆነው ንጋት ላይ ደሴ ጨፌ ረግጦ ሲያድር ቁልፎቹን ይነቅላል።

ማታ ዶርም ገብተን አሰላነው፣ ደስ ያለን ደግሞ ይሄ ነው። መኪናዋ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በካሬ ሜትር 250 ኒውተን አካባቢ ነው፤ ሸራውን በዚህ ልክ ወደ ላይ ይነፋዋል ብለን ያዝን። አንድ ሜትር በሚራራቁ ሁለት የብረት ቅስቶች መካከል ያለው ሸራ 5 ሳንቲ ሜትር የመነፋት ልቀት ቢኖረው፣ ጠርዙን በየሜትሩ ከ60 ኪሎ በላይ ይስበዋል። ተወጥሮ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነፋ ግን መሳቡ እጥፍ ይሆንና ከ120 ኪሎ ያልፋል። የጠበቀው ሸራ ከላላው የበለጠ አካሉን ይጎዳል ማለት ነው። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ቁልፍ ብናደርግ ለአንዱ 19 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላይ ይህን ቀመር በፈተና ጽፈነዋል፤ የሸራ ሰፊው ሁለት ጣት መሆኑን ግን ማንም አልነገረን።

ለ19 ኪሎ መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኑ ፋይበሩን አልፎ ከጀርባ በላሜራ ቁራጭ ላይ በዳዶ ይታሰራል፤ ጫናው በአንድ ቀዳዳ ላይ ከመቆም ይልቅ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። የጋራዡ ኃላፊ ግን ሥራው ዘግይቷል አሉ። «ልጆቼ፣ ከጀርባ ያለውን ማን ያየዋል? በላሜራ ብሎን እሰሩና ልቀቁት።» የኢንተርንሺፕ ውጤታችን ከፊሉ የሚሞላው በእሳቸው ብዕር ነው።

በዚያች ሌሊት ከስሌቱ ይልቅ ያከራከረን ይህ ነበር። አንዳችን «ለሐጂ እንንገራቸው» አለ። ሌላው «የሰውየውን ነገር ለደንበኛው ማድረስ ነሚማ አይሆንም ወይ?» ሲል መለሰ። ዝም ብለን ማሰር ደግሞ ጊሽ ነው፤ ከጀርባ ምንም እንደሌለ እያወቅን ገንዘብ ሊቀበሉበት ነው። በልጅነታችን ለውህ ይዘን ከተቀመጥንበት መድረሳ ሁለቱንም ቃል ይዘን ወጥተናል፤ ሁለቱ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚደረግ ግን እዚያ ስንቀራ አልገጠመንም። ለነገሩ ፖሊ ሕጉን የሚያስተምረው ትምህርትም ይህን አይመልስም። ሰውየውን ሳናማ፣ ሐጂንም ሳንሸነግል የምንወጣበት መንገድ ፈልገን የደረስንበት አንድ ጀሪካን ላይ ነው።

ጠዋት ከአካሉ የተረፈ የፋይበር ቁራጭ ሞርሳ ላይ አሰርን። ቁራጩ ሦስት ንጣፍ፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። ባንዱ ጫፍ የላሜራ ብሎን፣ በሌላው ጫፍ አልፎ ሂያጅ ብሎን ከነላሜራው ገጠምን። ከዚያ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተን በገመድ አንጠለጠልን። ኃላፊውን «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይዩልን» ብለን ጠራናቸው። ጀሪካኑን አንድ ስንዝር እያነሳን እንለቀዋለን። የላሜራዋ ብሎን በአራተኛው ነጭ ዱቄቷን ይዛ ወጣች፣ ጀሪካኑም እግራችን ላይ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። ሌላኛዋን ሠላሳ ጊዜ ለቀንባት፣ ጄልኮቱ ላይ ጭረት የለም። ጋሼ ምንም አላሉም። ወደ ጓሮ ሄደው ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብጥስጣሽ በክንዳቸው ታቅፈው መጡ፣ «በሉ ቁረጡ» አሉን።

ሁለት ቀን ጨመረብን። ለሚሞክረው ሰው እንንገረው፦ ቀዳዳው የሚገባበት ላይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ማስኪንግ ቴፕ ለጥፉ፣ ከጀርባ እንጨት ደግፉ፣ ትራፓኖውን አትጫኑት፣ በቀጭን ጀምራችሁ አስፉ። ከጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ራቁ። ለ5 ሚሊ ብሎን 5.5 ቅደዱ፤ ፋይበር ጠባብ ቀዳዳ አይወድም። የጄልኮቱን የቀዳዳ ከንፈር ትንሽ ሞረድ አድርጉ። በፋይበሩና በላሜራው መካከል የካላማዳሪያ ጎማ ግባ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የመስታወቱ ብናኝ ክንድ ላይ ገብቶ ዐስር ላይ ዉዱእ ስናደርግ እንዴት እንዳሳከከን እኛ ነን የምናውቀው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠቡት ይሻላል።

ሐጂ ሲመጡ ሸራውን ሳይሆን መጀመሪያ የዳሰሱት ከውስጥ በኩል ነው። ጣታቸው ላሜራው ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ብረት ጠልቼ ፋይበር አሠራሁ፣ እናንተ ብረት መለሳችሁብኝ?» አሉ። አባባላቸው ልክ ነው፤ አሉሚኒየም ቢሆን ይሻል ነበር፣ ጋራዡ ውስጥ ግን አልነበረም። ላሜራው ሁለት ጊዜ የዝገት መከላከያ መቀባቱን፣ ክረምት ባለፈ ቁጥር ፈትተው እንዲያዩት፣ ከዛገም ቁራጯን ብቻ መቀየር እንደሚቻል ነገርናቸው። ጋሼም ከጎናችን ቆመው ስለ ጀሪካኑ ተረኩላቸው። የራሳቸው ሐሳብ እስኪመስል ድረስ ነው የተረኩት፤ እኛም አላረምናቸውም።

በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ስፌት ጠብታ ገባ። ደውለው ሲነግሩን ተደናግጠን ሸራ ሰፊው ዘንድ ሮጥን። እሳቸው ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «ክሩ ጥጥ አለበት፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና መርፌው የቀደደውን ይደፍናል። ይጠጣ ተዉት» አሉ። ከሳምንት በኋላ ሐጂ ጋ ደወልን። ጠብታው ቀንሷል፣ ልጆቹም የሚቀመጡበትን ቦታ ተቀያይረዋል።