ዜሮ-አንድ-ዜሮ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ልትጠይቀን እቤት መጣች። ምሳ ሰዓት ነበርና ትሪው ቀረበ። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ በያይነቱ ነው፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ፎሶሊያው… ምን ቅጡ! ልጅት ግን እጇን ለመታጠብ እንኳን አልተነሳችም።

«ነይ እንጂ፣ ቅረቢ» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ እናንተ ብሉ። እኔ ኦማድ ነኝ።»

ምን ልበላችሁ፣ አዲስ ማኅበር የገባች ነው የመሰለኝ። ኋላ ስታስረዳኝ ለካ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበሉ ሰዎች መጠሪያ ኖሯል። የእንግሊዝኛው ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ተለቃቅመው ስም ሆኑ። እሷ የምትበላው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ «አሥራ ስድስት ለስምንት» ናት አሉ፤ አሥራ ስድስት ሰዓት ሳትበላ ትቆይና በቀሩት ስምንት ሰዓታት ውስጥ ትበላለች። ሌላው ጓደኛቸው «ፍሌክሲቴሪያን» ነው።

«እሱስ ምን ማለት ነው?»

«ሥጋ አይበላም ጋሼ፤ አልፎ አልፎ ሲያጋጥመው ግን ይበላል።»

እንዲያማ ከሆነ አገሩ በሙሉ ፍሌክሲቴሪያን ነው እኮ!

በልጅቱ ለመቀለድ ፈልጌ አይደለም። ክብደት ቀንሽ ብሏት ሐኪም መክሯታል፤ ደግሞም በገዛ ሆዷ ማን ያዝባታል? ብቻ ነገሩ ከነከነኝና እነዚህ ቃላት ከየት መጡ ብዬ ጥቂት አገላበጥኩ። ፈረንጅ ለአበላሉ ስም ሲያወጣ ኖሯል ለካ። «ቪጋን» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰን የሚባል ሰውና ጓደኞቹ ናቸው ያመጡት፤ «ቬጀቴሪያን» ከሚለው ቃል ራሱንና እግሩን አስቀርተው መሐሉን ጣሉት። ያን ፍሌክሲቴሪያን የተባለውን ደግሞ የአሜሪካ የቋንቋ ዘዬዎች ማኅበር ከ2003 ቃላት ሁሉ «እጅግ ጠቃሚው» ብሎ መርጦታል። «ሎካቮር»፣ ማለትም በአካባቢው የበቀለውን ለመብላት የሚመርጥ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአንድ ትልቅ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ሆኖ ነበር። ከጓሮው በቆሎና ጎመን ሌላ ብዙም የማያገኘውን የገጠር ሰው «አንተ እኮ ሎካቮር ነህ» ብትሉት ምን ብሎ ይመርቃችሁ ይሆን?

እኛም ብንሆን ቃል በመፍጠር አንታማም። እንግሊዞች ቁርስና ምሳን አዳብለው «ብራንች» ያሉት ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ጋይ ቤሪንገር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1895 ቅዳሜ ማታ ሲዝናኑ አምሽተው እሑድ አርፍደው ለሚነሱ ሰዎች ይሁን ብሎ ተሟገተለት። የኛ ተማሪዎችም ቁርስና ምሳን አዳብለው «ቁምሳ» ብለዋል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የእንግሊዙ ያዳበለው እንቅልፍ ስላማረው ነው፤ የኛው ያዳበለው ለሁለት የሚሆን ገንዘብ ስለሌለው ነው። ከሆቴል የተራረፈው ምግብ ተሰብስቦ ለድሃ ሲሸጥ «ቡሌ» ይባላል። ይሄም አንድ የአበላል ቃል ነው። ማንም ግን «እኔ ቡሌ ነኝ» ብሎ ራሱን አያስተዋውቅም።

ታዲያ የእህቴ ልጅ «በቀን አንዴ» ስትለኝ እኔ ሐሳቤ ወዲያው አጋሮ ገባ።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነው። ከጅማ በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ሂሳብ አስተምር ነበር። አጋሮን የሚያውቅ ያውቃታል። የቡና ሽያጭ ሲደራ ከተማዋ ሠርግ ቤት ናት፤ ቆርቆሮው፣ ቴፑ፣ የልጆች ጫማ የሚገዛው ያኔ ነው። በዚያ ዓመት ግን ሠርጉ ቀረ። ቡና አምራችና ቡና ገዢ አገሮች የሚተዳደሩበት የኮታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈርሶ ነበር። ኋላ ቬትናም በአጭር ጊዜ ውስጥ ገበያውን በቡና አጥለቀለቀችው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የዓለም ገበያ አማካይ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ኒውዮርክና ለንደን ላይ የምትጻፍ አንዲት ቁጥር ባሕር ተሻግራ፣ ተራራ ወጥታ፣ ጎማ ወረዳ ድረስ መጥታ ሰው ሞሰብ ውስጥ ትገባ ነበር።

ግንቦት ላይ ተማሪዎቼ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዴስክ ላይ ይደፉ ጀመር። እኔ ሞኙ ስንፍና ነው የመሰለኝ። በጠመኔ ቁራጭ እየወረወርኩ አነቃቸው ነበር።

አንድ ቀን ባይነሪ የሚባሉትን፣ በዜሮና በአንድ ብቻ የሚጻፉትን ቁጥሮች እያስተማርኩ ነው። ሰሌዳው ላይ 010 ብዬ ጻፍኩና «ይሄ ስንት ነው?» አልኩ።

«የኛ ቤት ፕሮግራም ነው፣ ቲቸር!» አለ አንዱ ከኋላ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ግራ ሲገባኝ አስረዱኝ። የመጀመሪያው ቦታ ቁርስ ነው፣ መሐለኛው ምሳ፣ የመጨረሻው እራት። ከተበላ አንድ፣ ካልተበላ ዜሮ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ቋንቋ ሳላውቅ የቀረሁት ደመወዝተኛው እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ የማስተማሪያ ዘዴ ከየት ይገኛል! 111 ሰባት ነው፤ 101 አምስት ነው፤ 010 ሁለት፣ 001 አንድ። «ሰባት የሚሞላው ለአረፋ ነው ቲቸር» ሲሉኝ አብሬ ሳቅሁ። አስተማሪዎች ክፍል ገብቼም አወራሁላቸው፤ እነሱም ሳቁ። እዚያም ላይ አላቆምኩም። «ትናንት የበላችሁትን በባይነሪ ጻፉና ወደ ተለመደው ቁጥር ለውጡ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። የሰውን ልጅ ሆድ ደብተር ላይ ማስጻፍ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

እኔ በተከራየሁበት ግቢ የሚኖሩ ወንድምና እህት አንድ ክፍል ውስጥ ይማሩ ነበር። እሱ ይበልጣታል፤ አንድ ዓመት ስለደገመ ደረሰችበት። ደብተራቸውን ሳርም የሱ 011 ይላል፣ ሦስት። የሷ 001 ይላል፣ አንድ። አንድ ጣራ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ቀን፤ መልሱ ግን ሁለት። ከሁለት አንዳቸው ተሳስተዋል ብዬ ጠራኋቸው።

«አንድ ቤት እየኖራችሁ እንዴት ነው ነገሩ?»

ልጁ ከልቡ ተገረመ። «እኔ ምሳ ስበላ እሷም እዚያው ነበረች እኮ!» አለ። እሷ ወደ መሬት አየች።

«ሁለቱም ልክ ነው፣ ቲቸር።»

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዴት ይውሰደኝ? ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እነሱ ቤት ቡና የምጠጣው እኔ ነኝ። ቡናውን የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ከአቦል እስከ በረካ የምትቀዳው ያቺ ልጅ ናት። ለቡና ቁርስ የበቆሎ ንፍሮ በሳህን ይዞራል። እኔ ትንሽ ዘግኜ ስተው እናትየው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይላሉ፤ እኔም እደግማለሁ። ለይሉኝታ «እርስዎስ እትዬ?» ስላቸው «ቀምሻለሁ» ይላሉ። እናት ልጃቸውን «አንቺስ?» ሲሏት እሷም «ቀምሻለሁ» ትላለች። ሳህኑ ያልፋታል። ስንት ወር ሙሉ ያቺ ሳህን እሷ ጋ ስትደርስ ቆማ እንደማታውቅ አይቼ አላየሁም።

«ቀምሻለሁ» ማንም አዲስ ብሎ የፈጠረው ቃል አይደለም። የዓመቱ ቃል ብሎ የሚመርጠው ማኅበርም አይኖርም። እኔ ግን ከሁሉ የአበላል ቃላት ይልቅ እሱን እፈራለሁ። በአፍ ሲነገር አንድ፣ በሆድ ሲቆጠር ዜሮ ነውና።

ያየሁት የአንድ ቤት ገጠመኝ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር በጅማ ከተማ፣ በዙሪያዋ ባሉ አነስተኛ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ ከሁለት ሺህ በላይ ልጆችን ጠየቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ሴቶቹ ልጆች ምግብ አጠረን ያሉት ከወንዶቹ ይበልጥ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ችግሩ በጠናባቸው ቤቶች እጅግ ይሰፋል። ምሁራኑ የአንድ ቤት እህትና ወንድሞችን ለይተው ሲያነጻጽሩም ያው ሆኖ ተገኘ። ያን ሳነብ የልጅቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «ሁለቱም ልክ ነው፣ ቲቸር።»

ፎርሙላው ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ60 በመቶ በላይ ሲደርስ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። «እኔ ዘንድሮ ዜሮ-አንድ-ዜሮ ገብቻለሁ» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ሐፍረትን ይሸፍናል። «ራበኝ» ማለት ያቃተው ሰው ቁጥር ሲጠራ ይቀለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ እወዳለሁ፦ ሰውየው «ዘንድሮ ዜሮ-አንድ-ዜሮ ነኝ» ሲል ሚስቱ ስንት ነበረች? ሴት ልጁስ?

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ኦማድና የአጋሮው 010 በሰዓት ቢለኩ ብዙም አይራራቁም። ሁለቱም በቀን አንዴ ነው። የሷን ግን ስትፈልግ ትጀምረዋለች፣ ሲሰለቻት ትተወዋለች፤ ፍሪጁም እንደሞላ ይጠብቃታል። ስለዚህ ስሟን ጮክ ብላ ትናገራለች። ያኛዋ ስም የላትም፤ ያላት «ቀምሻለሁ» ነው።

አንዳንዴ ይመስለኛል፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን «በሞቴ»ን ያመጡት ይህን ቃል ስለማያምኑት ነው። ፈረንጅ «ጠግቤያለሁ» ሲባል «እሺ» ብሎ ሳህኑን ያነሳል። እኛ አናነሳም። እንደግማለን፣ እንምላለን፣ እናጎርሳለን፤ በሆዱ ዜሮ ይዞ በአፉ አንድ የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለና። ጉዳችን ግን ወዲህ ነው፤ «በሞቴ» የምንለው ለእንግዳ ነው። ለምታቀርበው ልጅ ማን ብሏት ያውቃል?

በዚያ ረቡዕ ምሳ በልተን ትሪው ሲነሳ ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። ቡና ተፈላ። የምታፈላው እቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ፈንዲሻውን ይዛ ስትመጣ እንደ ዋዛ «አንቺስ ምሳ በላሽ?» አልኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄን ጥያቄ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ቀምሻለሁ ጋሼ» አለችኝ።

ተነስቼ ትሪውን ራሴ መለስኩት። እንጀራ ተጨመረ፣ ወጡ ወጣ። ልጅት የምቀልድ መስሏት ትስቃለች፤ የእህቴ ልጅ በግርምት ታየኛለች።

«በሞቴ!» አልኩ።

ቁጭ ብላ በላች። አበላሏ ግን የቀመሰ ሰው አበላል አልነበረም።