የሥዕርተ ርእስ ክብር

ከእሑድ ቅዳሴ መልስ፣ በደብረ ታቦር ቤታችን መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ከወገቤ የደረሰውን ፀጉሬን በሁለት ጎንጉኜ፣ ጫፉን በክር አሥሬ፣ በገዛ እጄ በመቀስ በቆረጥሁት ጊዜ፣ እናቴ አንዳች ሳትናገር ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችኝ፤ የሰው ሥዕርተ ርእስ እንደ ጉድፍ አይጣልምና።

ያን ጊዜ ኅሊናዬ ወደ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ሄደ። መናገሻቸውን በዚህችው ከተማ ያደረጉት፣ ሴባስቶፖል የተባለውንም መድፍ እዚሁ አጠገባችን በጋፋት ያሠሩት ንጉሥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ፣ የፀጉራቸው ቁንዳላ ከአስከሬናቸው ተቆርጦ ባሕር ተሻገረ፤ ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወጥቶ ለአገሩ የተመለሰውም ከ150 ዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው።

መነኩሴ ዓለምን ሲንቅ በፈቃዱ የሚላጨው ፀጉር መባ ነው፤ ኀዘንተኛ ስለ ሟች ፍቅር የሚቆርጠውም የልብ ምስክር ነው፤ ከሙት ራስ ላይ የተሸለተ ግን ምርኮ ነው፤ ምርኮም ዘመን ቢረዝምበት ርስት አይሆንም።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ ሆይ፣ ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታት፣ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ሁሉ ወደ መንበራቸው እስኪመለሱ ድረስ፣ ጥያቄያችንን አናቋርጥ።