ልጆቹ በፒፕ ላይ የሰጡት ፍርድ

ስለ «ታላቅ ተስፋ» ፊልም ያልተባለ ነገር የቀረ አይመስልም። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሊን የቻርልስ ዲክንስን ልቦለድ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1946 ከሠራው ወዲህ ተቺዎች ሲያወድሱት ኖረዋል። ያን ጊዜ ለጥቁርና ነጭ ፊልሞች ለብቻ ይሰጥ በነበረው ዘርፍ፣ በካሜራ ጥበብና በትዕይንት ንድፍ ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የእኔዎቹ ተቺዎች ግን ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ አይሰጣቸውም። አምስት ናቸው፤ ሁለቱ የእህቴ ልጆች፣ ሦስቱ የጎረቤት። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ስድስት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የሐዋሳ ክረምት ከታቦር ተራራ በኩል እየወረደ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ደግሞ፣ ተመስገን፣ አልጠፋም።

የመጀመሪያው ስሞታ ስለ ቋንቋ ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ያደገ ልጅ የባሕር ማዶ ሰው ሁሉ አማርኛ የሚችል ይመስለዋል። «እነዚህ ለምን አይችሉም?» አለ ትንሹ። አስተርጓሚ ሆንኩላቸው። ሁለተኛው ስሞታ እንደጠበቅሁት ስለ ቀለም ነበር፤ እሱ ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም። ፊልሙን ያየ ያውቀዋል። ወላጆቹ የሞቱበት ፒፕ ሲመሻሽ ረግረጉን ዳር ዳር እየሮጠ ወደ መቃብራቸው ይመጣል፤ ነፋሱ ያፏጫል፣ ዛፎቹ ያቃስታሉ፣ ልጁ ፈርቶ ሊሸሽ ሲል እግር ብረት የገባበት እስረኛ እጅ ላይ ይወድቃል። አምስቱም በአንድ ጋቢ ሥር ገቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለም የጠየቀኝ የለም።

ፒፕ ለእስረኛው ምግብና ሞረድ ከቤት ሲሰርቅ ችሎት ተከፈተ። ሌብነት ነው ወይስ አይደለም? የእህቴ ልጅ «የራበው ሰው ነው» ብላ ተከራከረች። ሌላዋ «ለእህቱ ነግሮ ለምን አይወስድም?» ስትል አራቱ በአንድ ድምፅ «ትገርፈዋለቻ!» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እኔ ዲክንስን ትምህርት ቤት ሳነብ ይህን ምዕራፍ በምን ዓይነት ከባድ ቃላት እንደተነተንነው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ።

ሚስ ሃቪሻም ግን ከፋፈለቻቸው። በሠርጓ ዕለት ሙሽራው የከዳት ሴት፣ የቤቷን ሰዓት ሁሉ ያን የመርዶ ደቂቃ ላይ አቁማ (በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ)፣ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ታረጃለች። ትንሹ ያዘነው ለኬኩ ነው። «ሰውየው ቢቀርም ኬኩ ምን አጠፋ?» አለ። ትልቋ ደግሞ ቀሚሱ ነጭ ይሁን ቢጫ መለየት እንዳቃታት ነገረችኝ። ዲክንስ በመጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ነጭ የነበረው ሁሉ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ፊልሙ ቀለም ቢኖረው ቢጫውን አይታ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ለመለየት ዓይኗን አጥብባ ትፈልጋለች። ጥቁርና ነጭን የምወደው ለዚህ ነው፤ ለተመልካች ሥራ ይተዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ዳኞቼ ምሕረት አላደረጉም። ፒፕ ሲያድግ ጆን ሚልስ ይተካዋል። ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1908 የተወለደ ነውና ፊልሙ ሲወጣ 38 ዓመቱ ነበር፤ የሚጫወተው ግን ገና ሃያ ዓመት የሆነውን ጎረምሳ ነው። «አክስቴ፣ ምን ነካው? ሸመገለ እኮ!» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ጆ ልምጣ። ጆ የፒፕ እህት ባል፣ አንጥረኛ፣ ልጁን እንደ አባት ያሳደገ ሰው ነው። «ቀጥቃጭ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ከጎረቤት ልጆች አንዷ ወዲያው «ቀጥቃጭ ቡዳ አይደለም እንዴ?» አለች። ከየት እንደሰማችው አልጠየቅኋትም፤ ቃሉ በአገሩ ሁሉ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸውን ነገርኳቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ይሰደባሉ?» ሲሉኝ አዋጅ ነጋሪት ከቤት ውስጥ ወሬ ጋር እንደማይታገል ማስረዳት አቃተኝ። የእህቴ ልጅ አዳነችኝ፦ «በያጅ ማለት እኮ ነው። የኛ ሰፈር በያጅ መኪና አለው።»

ፒፕ ማን እንደሰጠው በማያውቀው ገንዘብ ለንደን ገብቶ ጨዋ ይሆናል። ጆ ሊጠይቀው ይመጣል። አዲስ ልብሱ አልመች ብሎታል፣ በባርኔጣው የሚያደርገው ጠፍቶታል፣ ያሳደገውን ልጅ «ጌታዬ» ይለዋል። ልጆቹ ሳቁ። እውነትም ያስቃል፤ ዲክንስም እንዲያስቅ አድርጎ ነው የጻፈው።

አንዱ ግን አልሳቀም። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከገጠር መጥቶ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። አባቱ አልፎ አልፎ ቡናና አቮካዶ ተሸክሞ ይመጣል። ግቢ ግባ ሲሉት እግሬ ጭቃ ነው ይላል፤ ከበር ላይ ልጁን ስሞ ይመለሳል። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሳቁ ሲበርድ «እትዬ፣ ከወጣ በኋላ ተከተለው?» አለኝ።

መጽሐፉ ውስጥ አዎ፣ ወጥቶ በየመንገዱ ፈልጎታል፤ ግን አላገኘውም። እንዲሁ ነገርኩት። «ምሳ በልቶ ነበር?» አለ ደግሞ። አልበላም አልኩት። ከዚያ ወዲያ እስኪያልቅ አልተናገረም። ሌሎቹም ዝም አሉ፤ ለምን ዝም እንዳሉ የገባቸው አይመስለኝም።

መጨረሻው ላይ ተጨቃጨቁ። ዲክንስ መጀመሪያ የጻፈው ፍጻሜ ፒፕና ኤስቴላን የሚለያይ ነበር፤ ወዳጁ ደራሲ ቡልወር ሊተን ሲመክረው ቀየረው። ትልቋ የቀድሞውን መረጠች፤ «ስታዋርደው ኖራ አሁን ምን ያደርግላታል?» ብላ። ፊልሙ ላይ ፒፕ የዚያን ቤት አሮጌ መጋረጃ ገንጥሎ ፀሐይ ሲያስገባ ግን ሁሉም አጨበጨቡ። ትንሹ ብቻ «ይኼን መጀመሪያ ሲመጣ ለምን አላደረገውም?» ብሎ ጠየቀ። ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም።

ጆስ ምን ሆነ አሉኝ። መጽሐፉ ላይ ጆ ደጓን ቢዲን አግብቶ ልጅ ይወልዳል፤ የልጁንም ስም ፒፕ ይሉታል አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዝም ብሎ የቆየው ልጅ ጫማውን እያሰረ «እሱስ ቀጥቃጭ ይሆናል?» አለኝ።

ዲክንስ አልጻፈውም አልኩት።