የንጉሡ ግንብና የመርከበኛው መቁጠሪያ

ከእንግሊዝ አገር ጉዞዬ ያመጣኋቸውን ፎቶግራፎች ከዚህ በታች አኑሬአለሁ፤ የተመልካቹም ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው፣ ካርዲናል ዎልዚ ለራሱ አሳንጾት ኋላ ለንጉሡ ለስምንተኛው ሄንሪ ለመልቀቅ በተገደደው በሃምፕተን ኮርት ቀይ ጡብና በጣራው ላይ በተሰደሩት ባለጌጥ የጢስ መውጫዎች ላይ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን አብልጬ የምወዳቸው በፖርትስመዝ ያነሣኋቸውን ሁለቱን ነው፤ አንደኛው ከባሕሩ ዳር የቆመው የሳውዝሲ ግንብ፣ ሁለተኛውም በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ፣ በብርሃን ማነስ ደብዘዝ ብሎ የወጣ የእንጨት መቁጠሪያ ነው።

የቱዶር ሥርወ መንግሥት ሁለተኛ ንጉሥ የሆነው ስምንተኛው ሄንሪ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1534 ዓ.ም. ከሮማ ሊቀ ጳጳሳት ተለይቶ የአገሩ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ከተባለ በኋላ፣ ከ1536 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 800 ያህል ገዳማትና አድባራት ተዘግተው፣ መነኮሳቱ ተበትነው፣ ንዋየ ቅድሳቱ ተመዝብሮ፣ ርስቱም ጉልቱም ለዘውዱ ገቢ ሆነ። ፈረንሳይ ትወርረናለች ተብሎ በተፈራ ጊዜ በጠረፉ ሁሉ የተሠሩት ምሽጎች ወጪ ከዚሁ ሀብት የተሸፈነ ነበር፤ በ1544 የተሠራው ሳውዝሲም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ግንቡ በፎቶግራፍ ሲያዩት ያማረ ነው፤ የማን ጸሎት ቤት ፈርሶ እንደ ቆመ ግን ፎቶግራፉ አይናገርም።

በሐምሌ 19 ቀን 1545 የፈረንሳይ መርከቦች ከፊቱ በተሰለፉ ጊዜ፣ ንጉሡ በዚሁ ግንብ ሆኖ ሲመለከት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የጦር መርከቡ ወደ አንድ ጎን አጋድላ ሰጠመች። ጠላት ዘሎ እንዳይገባ ከላይዋ የተዘረጋው መረብ ለራሷ ሰዎች ወጥመድ ሆነና፣ 500 ከሚደርሱት ከ40 ያነሱት ብቻ ተረፉ።

ባሕሩ ግማሽ አካሏን በልቶ ሲጨርስ፣ በደለል የተዳፈነውን ግማሹን ግን ጠብቆ አቆየው፤ በ1982 ዓ.ም. ከውሃ ወጥታ ዛሬ በወደቡ ቤተ መዘክር ትታያለች። ከእርሷ ጋራ ከተገኙት ከ19,000 የሚበልጡ ዕቃዎች መካከል የሐኪሙ ሣጥን ከነመድኃኒቱ፣ የቆዳ ጫማ፣ ባለቤቱ ምልክቱን የቀረጸበት የእንጨት ገበቴ፣ የቅማል ማበጠሪያ (ታላላቆቹ ነገሥታት በሥዕላቸው ላይ የማያሳዩን ይህን ነው!) እንዲሁም ስምንት መቁጠሪያዎች አሉ። በ1538 በንጉሡ ስም የወጣው ትእዛዝ በመቁጠሪያ መጸለይን ነቅፎ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ግን በገዛ መርከቡ ላይ የነበሩ ሰዎች መቁጠሪያቸውን እንደ ያዙ ሰጠሙ። ስለ ዘመኑ ሃይማኖት ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ትንሽ ዕቃ አስረድቶኛል።

ንጉሡ ራሱ የተቀበረው በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው፤ የእኛው ልዑል ዓለማየሁም በ1879 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በዚያው በዊንዘር ስለተቀበረ አንባቢ ቦታውን በስም ያውቀዋል። በውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣት አይፈቀድምና ከዚህ አላኖርሁትም።

ወደ ፖርትስመዝ የምትሄዱ ወዳጆቼ ሆይ፣ ለግንቡ ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል፤ የቀረውን ቀን ለመርከቧ ስጡ።